ጥርስ ሲነቀል መገጣጠሚያውም ይታሰብ

ብዙ ሰው የመንጋጋ ጥርሱን ሲያስነቅል "ተገላገልኩ" ይላል። ህመሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበው ከርሟልና አይፈረድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። የኋላ ክፍተት ፎቶ ላይ አይታይም፤ ሲስቁም አይጋለጥም። ስለዚህ ይረሳል። ጥርስን በመልክ ብቻ መመዘናችን ግን ዋጋ ያስከፍለናል። መዘዙ ድድ ላይ አያበቃም፤ ከጆሯችን ፊት እስካለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

አጥንት ሕያው ነው። ያረጀው ይፈርሳል፣ አዲሱ ይገነባል። ምን ያህል እንደሚገነባ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሚያርፍበት ጫና ነው። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ይህንን ሐሳብ በመጽሐፍ አውጥቶታል። ሥራ ያለው አጥንት ይጠነክራል፣ ሥራ የፈታው ይሳሳል።

ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በጥቃቅን ክሮች ነው። ስናኝክ ክሮቹ አጥንቱን ይስቡታል፣ አጥንቱም ሥራ እንዳለው ያውቃል። ጥርሱ ሲነቀል ክሮቹም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ጥርሱን አቅፎ የነበረው አጥንት መሟሸሽ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የወርዱን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። "ቆይ፣ ሲመቸኝ አስተክላለሁ" የሚለው ሰው ይህንን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ለታካሚ ይናገራሉ። የመገጣጠሚያው ጉዳይ ግን እምብዛም አይነሳም።

ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት አድርገው አፍዎን ይክፈቱና ይዝጉ። የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራስ ነው። በራስ ቅሉ ጉድጓድ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ወደ ፊትም ይንሸራተታል። በመካከላቸው ለስላሳ ዲስክ አለ። ግራና ቀኙ በአንድ አጥንት ስለተያያዙ አንዱ ብቻውን አይንቀሳቀስም። እንዲያውም በቀኝ በኩል ስናኝክ ከፍ ያለውን ጫና የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ የግራው መገጣጠሚያ ነው። የቀኝ መንጋጋ ጥርሶቹን አጥቶ ዓመታት በግራ ብቻ የሚያኝክ ሰው፣ ሳይታወቀው የሁለቱን መገጣጠሚያዎች የሥራ ድርሻ ቀይሯል ማለት ነው።

ጥርስ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ደግሞ የመንከስ ኃይሉ ራሱ ይወርዳል። ወላቂ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረገ ሰው፣ የራሱ ጥርስ ካለው ሰው ኃይል ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ጥርስ የነበራቸውንና ጥርስ አልባ የሆኑ ሰዎችን የመንጋጋ አጥንት ራስ አወዳድሮ ነበር። ጥርስ አልባ በሆኑት ላይ የውስጠኛው ስፖንጅ መሳይ አጥንት ጥግግቱም ጥንካሬውም ቀንሶ ተገኝቷል። ለስላሳ ምግብ ብቻ እየተሰጣቸው ባደጉ አይጦች ላይም ተመሳሳይ መሳሳት ታይቷል።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ መሳሳት ብቻ አይደለም። ጫናው ወደ አንድ ቦታ ሲከማች አጥንቱ እዚያ ሊጠጥር፣ ሊደነድን ወይም ጠፍጠፍ ሊል ይችላል። ዕድሜ፣ የአጥንት መሳሳት በሽታ፣ ሌሊት ጥርስ ማፋጨትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ማንንም ማስደንገጥ አልፈልግም። አንድ ጥርስ ያጣ ሁሉ መገጣጠሚያው አይታመምም። ሆላንዳዊው አርንድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳየው፣ የኋላ መንጋጋ ጥርሶቻቸውን አጥተው በቀሩት ጥርሶች ደህና አድርገው የሚያኝኩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍተት ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ይግባበት አልልም። የምለው፣ ውሳኔው በእውቀት ይሁን ነው። ከመነቀሉ በፊት ሥሩ ታክሞ መትረፍ ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ከተነቀለም በምን እንደሚተካ፣ ታካሚው በየትኛው ጎን እንደሚያኝክ፣ አፉን ሲከፍት ድምፅ ወይም ህመም እንዳለው ያኔውኑ ይታይ።

የጤና መድን ሰጪዎችም ቢሆኑ ጥርስ መተካትን እንደ ቅንጦት ማየት ማቆም አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ ጥርስ የላቸውም። ይህን ሁሉ ሰው "ለመልክህ ነው" ብሎ መመለስ ፍትሐዊ አይደለም።

ወላቂ ጥርስ ያላቸው ወላጆች ያሉን ደግሞ አንድ ነገር ዛሬውኑ ማድረግ እንችላለን። በድድ ላይ የሚያርፈው ጥርስ ከሥሩ ያለው አጥንት ከመሟሸሽ አያግደውም። ስለዚህ ድሮ ልክ የነበረው ይላላል፣ ራሱም ያልቃል፤ የታችኛው መንጋጋም ሲዘጋ ከቦታው ከፍ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል። ይህም የመገጣጠሚያውን አቀማመጥ ይለውጣል። "ለምጄዋለሁ" ቢሉም እንኳ ወደ ሐኪም ይዘናቸው ሄደን ልኩን እናስለካ።