ልደቱ የእናንተ፣ ሂሳቡ የእኔ

አሁንስ በዛ! ዛሬ ደግሞ ከአንድ የመዝናኛ ፓርክ ኢሜይል መጣልኝ። «ልደታችንን አብረን እናክብር!» ይላል። ከሥሩ የትኬት ዋጋ። ቆይ፣ ባለልደቱ ማነው? ድግስ ጠርቶ እንግዳውን በር ላይ ማስከፈል ከመቼ ወዲህ ነው?

ትልልቆቹ ፓርኮችማ ይብሳሉ። የአሜሪካ ፍሎሪዳው የመዝናኛ ፓርክ ዲዝኒ ወርልድ 50 ዓመት የሞላው ኦክቶበር 1 ቀን 2021 ነው። አንድ ቀን። ድግሱ ግን 18 ወር ፈጀ! የእኛ ሰርግ እንኳን ከነመልሱ ከነቅልቅሉ ያልቃል። ፓርኩ ውስጥ ባለው የተረት ቤተ መንግሥት ላይ የወርቅ ጥብጣብ። በየጥጉ ወርቃማ ሐውልት፣ በድምሩ 50። ያምራል፣ አልክድም። ግን በዚያው በልደቱ ወር ምን መጣ? ድሮ በነፃ የነበረው ወረፋ መዝለያ በገንዘብ ሆነ። በሰው፣ በቀን፣ 15 ዶላር። ለዋና ዋናዎቹ መጫወቻዎች ደግሞ ወረፋ መዝለያው ለብቻው ያስከፍል ነበር። ስጦታ ማለት ይሄ ነው! አራት ልጅ ያለውማ እልል ይበል።

የካሊፎርኒያው እህት ፓርክ ዲዝኒላንድ ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ እንኳን አያስችለውም። የተከፈተው ጁላይ 17 ቀን 1955 ነው። 70ኛ ዓመቱን ማክበር የጀመረው ግን ሜይ 2025 ላይ፣ ሳይሞላው! ማብቂያው? የ2026 ሰመር። ያኔ እኮ 71 ሞልቶታል! የ70ኛ ዓመት ቲሸርት። የ70ኛ ዓመት ኩባያ። የ70ኛ ዓመት የፋንዲሻ ባልዲ። ፋንዲሻው ያው ፋንዲሻ ነው እኮ!

ቀጣዩ 75ኛው ነው፣ በ2030። ባልዲው ከአሁኑ ተሠርቶ መጋዘን ገብቶ ይሆናል።