«ማስረሻ ማለት ምን ማለት ነው?»

ባለፈው ክረምት የአጎቴ የልጅ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ አዳማ እኛ ቤት ሰነበተ። 12 ዓመቱ ነው። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ማስረሻ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

ማስረሻ የቤተሰብ መጠሪያው ነው። አስተማሪዎቹ በዚህ ስም ይጠሩታል። የኳስ ማልያው ጀርባ ላይም ተጽፏል። የአንድ ሰው ስም እንደነበር ግን የነገረው የለም።

ማስረሻ አያቴ ናቸው። ምድር ባቡር ሲሠሩ ኖረው እዚሁ አዳማ ያረፉ ሰው። እናታቸው ከእሳቸው በፊት ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ሦስተኛው ሲወለድ ሐዘናቸውን እንዲያስረሳቸው ማስረሻ አሉት። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ ከስሙ ጀርባ እንዲህ ያለ ሐዘን አለ። የእኛ ስም ዝም ብሎ መጠሪያ አይደለም። ቤት ውስጥ የሆነውን ይናገራል።

ታዲያ የአንድ ሰው ስም እንዴት የቤተሰብ ስም ሆነ? አጎቴ አሜሪካ ሲገቡ ቅጹ የመጨረሻ ስም ጠየቃቸው። የአባታቸውን ስም ጻፉ። በቃ፣ እዚያው ቀረ። ልጆቻቸውም ማስረሻ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ማስረሻ ሆኑ።

ይህ በእኛ አልተጀመረም። ጆንሰን የጆን ልጅ ማለት ነው፤ ጆን ደግሞ የእኛው ዮሐንስ ነው። የሩሲያው ኢቫኖቭም፣ የአርመኑ ሆቭሃኒስያንም ምንጫቸው ይኸው ዮሐንስ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሕዝቡ እንደ እኛ በአባት ስም ሲጠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1828 መንግሥት ቋሚ የቤተሰብ ስም ያዙ ብሎ አዘዘ። ቱርክ በ1934 በሕግ አስገደደች። አይስላንድ ግን እምቢ አለች። በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን ከለከለች፤ ሕዝቡ ዛሬም በአብዛኛው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው።

እኛም ጋ ተሞክሯል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ይላል። ሕዝቡ ግን በራሱ ልማድ ቀጠለ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን አሸነፈ። የውጭ ሰዎች እስከ ዛሬ «ቢቂላ» ይሉታል። ቢቂላ አባቱ ናቸው። ስሙ በኦሮምኛ የቡቃያ ስም ነው፤ የአማርኛው በቀለ ወንድም በሉት። አዳማ ውስጥ አንድ ሰፈር ላይ በቀለም ቢቂላም ጎረቤት ሆነው ታገኛላችሁ።

እኔ የእኛን ልማድ እወደዋለሁ። ሴት ልጅ ስታገባ ስሟ አይቀየርም። እያንዳንዱ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ግን እዚህ ያለነውም ንጹሕ አይደለንም። ያን ማታ ልጄ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። የእሷ መታወቂያ ላይ የእሷ፣ የእኔና የአባቴ ስም አለ። ማስረሻ የለም። ከአሜሪካ የመጣው ልጅ ስሙን ይዞ ሰውየውን አያውቅም። እሷ ደግሞ ስሙም የላት፣ ታሪኩንም አልሰማችም። ለእሱ የነገርኩትን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ይህ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ድሮ ስሙ በሦስት ትውልድ ቢወድቅም ቆጠራው ነበር። ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል አያት ቅድመ አያቱን ይደረድራል። አሁን መታወቂያው ሦስት ስም ስለያዘ እኛም ሦስቱ ላይ አቆምን።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቅጹ ሲመጣ ወንድማማቾች ተነጋገሩ። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ስለጻፈ ልጆቻቸው በስም ባዕድ የሆኑባቸው ቤቶች አውቃለሁ። ስሙንም ከነታሪኩ ስጧቸው። እዚህ ያለን ደግሞ ልጆቻችንን ቢያንስ እስከ ሰባት እናስቆጥራቸው።

ያን ማታ ሁለቱን ልጆች ደብተር አስያዝኳቸው። ማስረሻ ብለው ጀመሩ። የማስረሻን አባት፣ የአባታቸውንም አባት ነገርኳቸው። ከዚያ በላይ አላውቅም። ገጠር ላሉት አክስቴ ደወልን፤ ሁለት ስም ጨመሩልን። አምስተኛው ላይ ቆመናል። ከእኔ በላይ የሚቆጥሩ አንድ አዛውንት ዘመድ አሉን። ለመስቀል ልጄን ይዤ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። ልጁ ከአሜሪካ እየደወለ «ስድስተኛው ተገኘ ወይ?» ይለኛል።