ሁለተኛው ሥራና የእሑድ ቅዳሴ

አገር ቤት ያለ ኦርቶዶክሳዊ ወንድ ሳያስበው የሚደግፈው ብዙ ነው። ሌሊት ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማዋል፤ ረቡዕና ዓርብ በየምግብ ቤቱ በያይነቱ አለ፤ ሲጠፋ የንስሐ አባቱ ቤት ድረስ መጥተው ጠበል ረጭተው «ምነው ጠፋህሳ?» ይሉታል። ድጋፉ ግን ያዘናጋል። ከደጅ ተሳልሞ ወደ ሥራ መሮጥ እንደ ማስቀደስ ተቆጥሮ፣ ቁርባንም ለሕፃናትና ለአረጋውያን የተተወ እስኪመስል ድረስ ጎልማሳው ርቋል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የሚሳለመው ደጅ በመንገዱ ላይ የለም። ቀን መጋዘን ወይም ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር የሚሠራ ወንድ «ጊዜ የለኝም» ሲል አይዋሽም። እምነቱ አልጎደለም፤ ሰዓቱ ተሸጦ አልቋል። ስለዚህ አዲስ ጸሎት ከመጨመሩ በፊት የሚሸጠውን ሰዓት ይቀንስ እላለሁ፣ መጀመሪያም የቅዳሜን ማታ።

ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ምግቡን ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይበላል። ለሾፌር ግን ገበያው የሚደራው ያን ማታ ነው። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የነዳ ሰው ወይ እንቅልፍ ለማባረር ቡና ይቀምሳል፣ ወይ ቅዳሴው ላይ ቆሞ ያንቀላፋል፣ ወይ ጭራሽ ይቀራል። ያን ገቢ መተው ከባድ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚሄደው ለዕለት ጉርስ ሳይሆን ለትልቁ ቤትና ለአዲሱ መኪና ወርኀዊ ክፍያ ነው።

ተቀጥሮ የሚሠራውን ሕጉ ያግዘዋል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ እንዲያመቻች ያዛል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ እሑድ አልሠራም ባለ ክርስቲያን የፖስታ ሠራተኛ በጄራልድ ግሮፍ ጉዳይ፣ አሠሪው እምቢ ለማለት ለሥራው ከባድ የሆነ ተጨማሪ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። የእኛ ሰው የሚሳሳተው በአፍ ብቻ ለአለቃው ነግሮ ስለሚተው፣ ከዚያም «አሞኛል» ብሎ ስለሚቀር ነው፤ ያ እንደ ተራ መቅረት ይጻፍበታል። ጥያቄው በጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ለሰው ሀብት ክፍል ይግባ፤ ቅጂው ይቀመጥ። «በዓላት» ብሎ ከማለፍ ቀኑን በፈረንጅ መጥቀስ ይሻላል፦ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ወይም እንደ ዓመቱ 20፣ ስቅለት በየዓመቱ ተሰልቶ። የሚተካውን ሰው ወይም የሚቀይረውን ፈረቃ አብሮ ቢያቀርብ መልሱ ይቀላል።

ሰዓቱ ከተገኘ በኋላ ዳዊቱ ይምጣ። 150ው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ 15 ንጉሥ ይባላል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ንጉሥ ይደገማል። የሳምንቱን ሙሉ ድርሻ በአንዴ የጀመረ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያቋርጣል። ከሥራ በፊት አንድ ንጉሥ ብቻ ይያዝ፤ የንስሐ አባት ሲፈቅዱ ይጨመራል። እየነዱ በስልክ መስማት መልካም ነው፤ ቆሞ መድገምን ግን አይተካም።

ጾሙ ላይ የሚያሳስተው የገበያው ምግብ ነው። «ወተት የሌለው» የተባለ የቡና ማቅለሚያ ዱቄት ብዙ ጊዜ ከወተት የወጣ ኬዚን አለበት፤ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። የነቢያት ጾም በኖቬምበር መጨረሻ ስለሚገባ የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካ የምስጋና በዓል) ግብዣ አብዛኛውን ዓመት ጾሙ ላይ ይወድቃል፤ ለባልደረቦች አስቀድሞ መናገር ይበጃል።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሳይጋባ ከሚስቱ ጋር የሚኖር ወንድ ብቻውን ሊቆርብ አይችልም። ሁለቱም ንስሐ ገብተው በቁርባን ይጋባሉ፤ ስለዚህ የቅዳሜው ማታ ገቢ መቅረቱም ከእሷ ጋር የሚመከርበት ነው። አገር ቤት ገንዘብ የሚላክላቸው ወላጆችም ከመቀነሱ በፊት ምክንያቱን ይስሙ። «ቅዳሴህን አትተው» እያለች የምትመክር እናት የወሩ ገንዘብ ሳይነገራት ሲያንስ ልጇ የታመመ ወይም ከሥራ የተባረረ መስሏት ትጨነቃለች።