ደኑ የእናንተ፣ ዛፉ የኛ

ደን ለሕዝብ የሚያስረክቡ መሥሪያ ቤቶችን እስኪ ዛሬ እናመስግናቸው። ሁልጊዜ ወቀሳ ምን ያደርጋል? ሰጥቶ አለመስጠትን እዚህ ደረጃ ያደረሰ ሰው ጭብጨባ ሲያንሰው ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ ፊሊፒንስን የሚያህል አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል።

መጀመሪያ ደን ምን እንደሆነ እንስማማ። ዛፍ ያለበት ቦታ ነው የምትሉ ተሳስታችኋል። በ1975 (እ.ኤ.አ. ነው፣ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) በፊሊፒንሱ ፕሬዚዳንት ማርኮስ ዘመን የወጣው የደን ሕግ፣ ከመንግሥት መሬት ውስጥ ተዳፋቱ 18 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ለግል ይዞታ አይተላለፍም ይላል። ዛፍ ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም። ቁልቁለት ከሆነ የደን መሬት ነው። ከአገሪቱ 30 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ግማሹ እንዲህ ተመዝግቦ ይገኛል። ደን የሚታይበት ግን 7 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ነው። ቀሪው መዝገብ ላይ ለምልሟል። ያለ ዝናብ፣ ያለ ችግኝ!

እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ሕጉ እነሱንም አልረሳቸውም፤ ያለ ፈቃድ የደን መሬት የያዙ ወንጀለኞች አላቸው። በ1982 ደግሞ መንግሥት አዘነላቸውና የ25 ዓመት የአደራ ጠባቂነት ወረቀት አዘጋጀላቸው። መሬቱ ያው፣ ሰውየው ያው። ትናንት ወንጀለኛ፣ ዛሬ የአደራ ሰው። በአንድ ወረቀት እንዲህ ኃጢአት የሚያስተሰርይ ሌላ ማን አለ?

ከዚያ 1995 መጣ። ፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ ትእዛዝ ቁጥር 263ን ፈረሙ። ከእንግዲህ ደኑን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው ተባለ። ውሉ ለ25 ዓመት፣ ከዚያም ለሌላ 25 ዓመት የሚታደስ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ይሄን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ግሩም ያልሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። ይቅርታ፣ ለካ ምስጋና ላይ ነኝ። ከሁሉም ግሩሙ ቀጥሎ የመጣው ነው።

የማኅበረሰቡ ማኅበር ውሉን ፈረመ። ጥቂት ዛፍ ቆርጦ ሊሸጥ አሰበ። ቆይማ! መጀመሪያ የሀብት አስተዳደር ማዕቀፍ ይዘጋጅ፣ ከነካርታው። ከዚያ የሥራ ዕቅድ። ከዚያ የደን ቆጠራ። ከዚያ የአካባቢ ጥበቃ ወረቀት። ከዚያ የሀብት መጠቀሚያ ፈቃድ። እያንዳንዷ ወረቀት የራሷ ፊርማ አላት፤ ፈራሚው ደግሞ ከተማ ነው፣ ያውም ስብሰባ ላይ። ተራራ ላይ ያለ ገበሬ የባለሙያ ሰነድ ሲጠየቅ ክብሩ ነው እንጂ ምን ይከፋዋል? ባለሙያ የሚቀጥር ፕሮጀክት ከመጣ እሰየው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰነዱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እሱም ቢሆን ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ቤቱ ነው።

ለጥበቃው ግን ምንም ፎርም አያስፈልግም። ሕገ ወጥ ቆራጭ ማሳደድ፣ እሳት ማጥፋት፣ ችግኝ መኮትኮት ውሉ በተፈረመ ዕለት ይጀመራል። ግዴታው ወዲያው፣ መብቱ በወረፋ። ቀልጣፋ አገልግሎት ይሉሃል ይሄ ነው።

እሺ፣ ፈቃዱ ተገኘ እንበል። እልል ለማለት አትቸኩሉ። በ2003 መጀመሪያ ላይ የዘርፉ ሚኒስትር በመላ አገሪቱ ያሉትን የመጠቀሚያ ፈቃዶች በአንድ ጊዜ ሰረዟቸው። ደንብ የጣሱ ማኅበራት አሉ ተብሎ። ደንቡን ያከበረውም ከጣሰው እኩል ባዶ እጁን ቀረ። እኩልነት ከዚህ በላይ አለ? ፈቃድ የሌለው ሌባ ግን ምንም አልተሰረዘበትም። መጀመሪያውኑ የሚሰረዝ ነገር አልነበረውማ!

በየካቲት 2011 ደግሞ ትእዛዝ ቁጥር 23 በተፈጥሮ ደን ውስጥ ዛፍ መቁረጥን አገደ። በዚያው ወር ትእዛዝ ቁጥር 26 ተከተለ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ 1.5 ቢሊዮን ዛፍ በ1.5 ሚሊዮን ሄክታር ላይ ይተከል አለ። የተራራው ሰው ሥራ በዚህ ጠራ። የበቀለውን አትንካ፣ ያልበቀለውን ትከል።

ምን ይብላ ታዲያ? ለሱም ታስቦበታል። አማራጭ መተዳደሪያ ይባላል። ንብ፣ እንጉዳይ፣ የእጅ ሥራ። ሥልጠና አለ፣ ሰርተፍኬት አለ፣ የቡድን ፎቶ አለ። ገዢው ብቻ ሳይጋበዝ ቀርቷል።

ፊሊፒንስን ብቻ አወድሼ ህንድን ብተው ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። የ1927ቱ የደን ሕጓ ቀርከሃን ዛፍ ብሎት ነበር። ቀርከሃ ሣር መሆኑን የዕፅዋት ሊቃውንት ቢያውቁም ሕጉ አልሰማቸውም። ስለዚህ ጓሮው ያበቀለውን ቀርከሃ ቆርጦ ገበያ ለማውጣት ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ ብዙ ነበር። በ2017 ከደን ውጭ የሚበቅለው ከዛፍነት ተሰናበተ። 90 ዓመት ነው የፈጀው፤ ደን ውስጥ ያለው ግን አሁንም ከደን ሕጉ እጅ አልወጣም።

ወደ ፊሊፒንስ ስንመለስ፣ የመጀመሪያዎቹ ውሎች 25 ዓመታቸውን ደፍነዋል። አሁን የእድሳት ጊዜ ነው። ማኅበሩ ደኑን እንዴት እንደጠበቀ ይገመገማል፤ ዕቅዱ ይታያል፣ ሪፖርቱ ይገለጣል። መሥሪያ ቤቱ ቃሉን እንዴት እንደጠበቀ የሚሞላበት ፎርም ግን ገና አልታተመም። ወረቀት አልቆ ይሆናል።