ሲሜክን ያልገነባ ሠልጣኝ ምን ሊገነባ ነው?

ሰሞኑን አንድ የሶፍትዌር ማሠልጠኛ ተቋም ሲሜክን፣ የፕሮግራሞችን ግንባታ የሚያሰናዳውን መሣሪያ፣ ከምንጭ ኮዱ (ሰው ከጻፈው የፕሮግራም ጽሑፍ) ገንብቶ የመጫን የግማሽ ቀን ልምምድ ከሊኑክስ ኮርሱ ሰርዞ፣ ሠልጣኞች ተገንብቶ የተዘጋጀውን ፓኬጅ በአንድ ትዕዛዝ እንዲጭኑ ወስኗል። ውሳኔውን ያስታወቁት ኃላፊ ሠልጣኞቹ መኪና ሊነዱ እንጂ ሞተር ሊፈቱ አልመጡም ብለዋል። ይህን ከመናገራቸው በፊት የራሳቸውን ተቋም ማስታወቂያ ቢያነቡት መልካም ነበር፤ ማስታወቂያው የሚለው የሶፍትዌር መሐንዲስ እናፈራለን ነውና። ክፍያው በመሐንዲስ ልክ፣ ትምህርቱ በሹፌር ልክ ከሆነ፣ ሠልጣኙ ገንዘቡ እንዲመለስለት ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? ለነገሩ ደህና ሹፌርም ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ይለካል።

ፓኬጁ ይበቃል የሚለው ክርክር ሩቅ አይሄድም። ከሊኑክስ ሥርጭቱ ከኡቡንቱ 22.04 ጋር የሚመጣው ሲሜክ 3.22 ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ገና በመጀመሪያው መስመሩ ቢያንስ 3.25 ካላገኘሁ አልሠራም ሲል ሠልጣኙ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው? የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው ሲሜክ 4.0 ከ3.5 በታች ላሉ ስሪቶች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በማቋረጡ፣ ለዓመታት ያለ ኮሽታ ሲገነቡ የኖሩ ፕሮጀክቶች ድንገት ስሕተት ማውጣት ጀምረዋል። አሮጌውንና አዲሱን ስሪት፣ የሲስተሙን ሳይነካ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፎልደር ጎን ለጎን ማኖር የሚያውቅ ሰው ሥራውን ይቀጥላል፤ የማያውቀው ግን መፍትሔ ፍለጋ ሰው ሲያስቸግር ይውላል።

የተሰረዘውን ልምምድ በቅርብ እንየው። ሲሜክን ለመገንባት የሚያገለግለው ሲሜክ ራሱ ነው፤ ታዲያ ማሽኑ ላይ ሲሜክ ሳይኖር እንዴት ይጀመራል? ቡትስትራፕ የተባለው የሼል ስክሪፕት (የትዕዛዞች ፋይል) ምንጭ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚቀይረው የሲፕላስፕላስ ኮምፓይለርና ግንባታውን ደረጃ በደረጃ ከሚያስኬደው ከሜክ የዘለለ ብዙ ነገር ሳይጠይቅ፣ አስቀድሞ ለዚሁ ተግባር ብቻ የምትበቃ አነስተኛ ሲሜክ ኮምፓይል ያደርጋል፤ ያቺ አነስተኛ ሲሜክ የሙሉውን ግንባታ ታሰናዳለች፤ ከዚያ ተራው የሜክ ይሆናል። በዚህ መሐል ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) አልተገኘም የሚል ስሕተት ብዙ ጊዜ ይመጣል። ሠልጣኙ ኦፕንኤስኤስኤል ማሽኑ ላይ መኖሩን ስለሚያውቅ ይበሳጫል፤ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሲያነበው ግን የጎደለው ላይብረሪው ሳይሆን ለግንባታ የሚያስፈልጉትን የሄደር ፋይሎች የያዘው የገንቢዎች ፓኬጅ መሆኑን ይረዳል። ቀጥሎ የት ይጫን የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ምንም ካልተባለ ዩኤስአር ሎካል በተባለው የሲስተሙ ፎልደር ሥር ስለሚገባ የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ ያሻል፤ በፕሪፊክስ (የመጫኛ ቦታውን በሚወስነው ምርጫ) የራስ ሆም ፎልደር ከተሰጠው ግን ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ሁሉም አልቆ ተርሚናሉ አሁንም አሮጌውን ስሪት ሲያሳየው ደግሞ፣ ስሙን ብቻ ሲሰማው የኖረውን ፓዝን፣ ተርሚናሉ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር፣ በመጨረሻ ይተዋወቀዋል። ይህን ሁሉ በስላይድ ያስተማረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ለውሳኔው የቀረበው የደኅንነት ሰበብ ነው። ከምንጭ ኮድ መገንባት አደገኛ ነው ለማለት የፋይል ማመቂያው የኤክስዜድ ጉዳይ ተጠቅሷል፤ የጠቀሰው ሰው ግን ጉዳዩን አላነበበውም። በማርች 2024 መጨረሻ የተጋለጠው የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 የተቀበረ ሲሆን፣ ቀስቃሹ መስመር የኮዱ ለውጥ በሚመዘገብበት የጊት ማከማቻ ውስጥ ሳይሆን ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ፣ ለግንባታው ዝግጅት በሚያገለግል አንድ የኤም4 ማክሮ ፋይል ላይ ተሸሽጎ ነበር። ይህ ተንኮል በግንባታው ዝግጅት ወቅት ይነቃና ማሽኑን ይመረምራል፤ ግንባታው ለሊኑክስ ሥርጭቶች የሚሆን የዴቢያን ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ ለማሰናዳት መሆኑንም ያጣራል፤ ካልሆነ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ልብ ይባል፦ የታለመው ቤቱ ቁጭ ብሎ በእጁ የሚገነባው ሰው አልነበረም። የታለመው ፓኬጁ ነበር፤ ኃላፊው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጫኑ የሚሉት ዓይነት ፓኬጅ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ በኤስኤስኤች (በርቀት ኮምፒውተር መግቢያው) ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ነገሩን እስከ ሥሩ የተከተለው፣ የግንባታ ስክሪፕት ከፍቶ መስመር በመስመር መበርበር የሚችል ሰው ስለሆነ ነው። ልምምዱ የተሰረዘበት ሠልጣኝ ያንኑ ፋይል ቢያጋጥመው፣ ፋይሉ በግንባታው ውስጥ መቼ ተራው እንደሚደርስ እንኳ አያውቅም።

ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ኮምፓይለሩ ራሱ ከተበከለ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ማንበብ ብቻውን እንደማያድን አሳይቷልና ልፋቱ ከንቱ ነው የሚሉም አይጠፉም። የጊክስ (የሊኑክስ ፓኬጅ ሥርዓት) ገንቢዎች ግን ይህን ሰምተው እጅ አልሰጡም፤ በ2023 መላውን የግንባታ ሰንሰለት 357 ባይት ብቻ ከሆነች የባይነሪ ዘር (በማሽን ቋንቋ የተዘጋጀች መነሻ ፋይል) ተነሥተው ማቆም መቻላቸውን ይፋ አድርገዋል። እነሱ እዚያ ድረስ ሲወርዱ እኛ ግማሽ ቀን በዛብን።

ጊዜ መውሰዱን አልክድም፤ በደካማ ላፕቶፕ ላይ ከቡና ዕረፍት ሊያልፍ ይችላል። ኢንተርኔቱ አያደርስም የሚለው ግን በራሱ ላይ ይዞራል፤ የሲሜክ የምንጭ ኮድ ጥቅል ለሊኑክስ ተዘጋጅቶ ከሚወርደው የሲሜክ ባይነሪ ጥቅል በብዙ እጅ የሚያንስ ከመሆኑም በላይ፣ ከርልንና ዚሊብን የመሳሰሉ ከሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ብዙዎቹን በጉያው ይዞ ይመጣል። መብራት ይሄዳል ለሚሉትም፣ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ሳለ የሠራው ሜክ ያለቀውን ሥራ እንደገና አይሠራም፤ መብራቱ ሲመለስ ሜክ ኮምፓይል የሆኑትን ፋይሎች ዘሎ በቀሩት ይቀጥላል።

ልምምዱ ወደ ቦታው ይመለስ። ሰዓት ጠበበ ከተባለም፣ በዚያው የሊኑክስ ኮርስ መርሐ ግብር ላይ የሊንክድኢን ገጽን ስለ ማሳመር የሁለት ቀን ክፍለ ጊዜ ተመድቧል፤ ግማሽ ቀኑ ከእሱ ላይ ይቀነስ።