ታንኳዋን አይታችሁ ሠሪዋን ላላያችሁ

የጎንደር ሰዎች፣ ልቆጣችሁ ነው፤ ራሴንም ጨምሬ።

ጥምቀት ሰሞን ስለ ባሕርና መርከብ ታሪካችን ትንሽ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር። በር ላይ የጥንቱ የአክሱም ወደብ አዱሊስ፤ ቀጥሎ አፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ሲዘምቱ የሚያሳይ ሥዕል፤ ከዚያ ምጽዋ ላይ ነጭ ለብሰው የተሰለፉ የባሕር ኃይል ልጆች ፎቶ። እዚያ ፎቶ ፊት ቆሞ ከንፈሩን ያልመጠጠ አላየሁም። እኔም መጥጫለሁ።

ድንኳኑ ጥግ ላይ ግን ከጣና የመጣች፣ ደንገል ከሚባለው ረጅም የውሃ ዳር ተክል የተሠራች ታንኳ ነበረች። አጠገቧ ሠሪዋ፣ ከጎርጎራ በኩል የመጡ የነገደ ወይጦ (የጣና ዳር ታንኳ ሠሪ ማኅበረሰብ) ሽማግሌ፣ መቅዘፊያቸውን ይዘው ቆመዋል። ምን አደረጋችሁ? ልጆቻችሁን ላይዋ አወጣችሁና ፎቶ አነሣችሁ። አንዷ «አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» ብላ ሽማግሌውን ከፎቶው አስወጣች። ከኋላዬ ያለው ደግሞ «ወይጦ ናቸው እኮ» ብሎ ተንሾካሾከ። ሰምቼ ዝም አልኩ።

ሰው ሲቀንስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያ እየተጠቀለለ በገመድ ይጠፈራል። ሚስማር የሚባል ነገር አይነካውም። ጭነቱና ሰዉ እንዳይረጥብ ከላዩ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍበታል። ከጉዞ መልስ ፀሐይ ላይ ካልወጣ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ቢንከባከቡትም ዕድሜው የወራት ነው። ሙዚየም አስገብተን «ቅርሱን አዳንነው» እንዳንል፣ ታንኳ የሚኖረው ሠሪው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። (የእምቦጩን ነገር አሁን አላነሣውም፤ እሱ ሌላ ቁጣ ይፈልጋል።)

እናንተ ግን እነዚህን ሰዎች «ጉማሬ በላ» እያላችሁ ከማዕድም ከጋብቻም አራቃችኋቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፋቸው የእናንተው አማርኛ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ለእኛ ነው መሰለኝ።

ግንቡን እያሳየን የምንኮራበት ፋሲል አስከሬኑ የት ነው ያረፈው? ዳጋ እስጢፋኖስ። ዳጋ ጣና ላይ ያለ ደሴት ነው፤ በፈረስ አይደረስበትም። የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስስ? ነግሦ፣ በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ሰፍሮ ሳለ የፈረንጅ የእንፋሎት መርከብ አማረውና፣ በግራ በቀኙ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ያለው ትልቅ ጀልባ አሠራ። በምን? በደንገል! እዚያው የነበረ እንግሊዛዊ ሐኪም ጽፎታል። ሴባስቶፖልን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ይችን ግን በዐውደ ርእዩም የጻፈ አልነበረም።

ከፒያሳ ተነሥቶ በቆላድባ በኩል ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለምጽዋ የምታለቅሱ ሁሉ፣ መቼ ነው መጨረሻ ጎርጎራ ወርዳችሁ የአንዱን ታንኳ ሠሪ ስም የጠየቃችሁ? አንዲት ታንኳስ አዝዛችሁ፣ ዋጋዋን ሳትከራከሩ ከፍላችሁ ታውቃላችሁ?

ዐውደ ርእዩ በተዘጋ ቀን ሽማግሌውን የሚሸኝ መኪና አልተገኘም። ታንኳዋን አጥር ሥር አስደግፈው፣ መቅዘፊያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በእግራቸው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ፍየል የታንኳዋን አፍንጫ እየበላች ነበር።