ከበሮው የሰው እግር ነው

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የዘፋኟ ዶና ሰመርን የዳንስ ዘፈን «አይ ፊል ላቭ» ከራሷ ድምፅ በቀር ሙሉ በሙሉ ማሽን የሠራው ዘፈን ይለዋል። አንድ እርማት፦ ባለ ፔዳሉን ትልቁን ከበሮ የመታው ከበሮ መቺው ኪት ፎርሲ ነው። የዘፈኑ ፕሮዲውሰር ጆርጆ ሞሮደር ሙኒክ ላይ የተጠቀመበት ሙግ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) ቤዙንም፣ ማለትም ወፍራሙን የታች ድምፅ፣ የጸናጽል መሳይ ሽውታውንም ሲያወጣ፣ ደረት የሚመታ ከበሮ ግን አልወጣው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን መቅዳት ራሱ ፈተና ነበር። የሙጉ ቅኝት ቶሎ ቶሎ ይሸሻል፤ ስለዚህ ጥቂት ሰከንድ ይቀዳል፣ ይቆማል፣ ተቃኝቶ ይቀጠላል። ቁርጥራጮቹ እንዳይዛነፉ መሐንዲሱ ሮቢ ቬደል ከቴፑ ትራኮች አንዱ ላይ የምት ምልክት ቀዳና ማሽኑ እሱን እንዲከተል አደረገ። ያ የቤዙ ግልቢያ የመጣው ደግሞ ከዲሌይ፣ ማለትም ድምፅን አዘግይቶ ከመድገም ነው፤ ኖታው በአንዱ ጆሮ፣ ትንሽ የዘገየው ቅጂው በሌላው። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አውልቃችሁ ስሙት፣ ግልቢያው ግማሽ ይሆናል። በስልክ ስፒከር ከሆነማ ተዉት!

ዘፈኑ ቴክኖ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በጽሑፉ በደንብ ተገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1982 በይፋ የወጣው፣ ከ15 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው የሙዚቀኛው ፓትሪክ ካውሊ ሪሚክስ (እንደገና የተቀናበረ ቅጂ) ግን መዘለል አልነበረበትም። ለክለብ ዲጄዎች ዘፈኑን እንደገና የሰጣቸው እሱ ነው።